በዘይት ጣሳ ያደገችው ቁርቁራ

ስለ ቤትና ስለ ጓሮ በምንነጋገርበት በዚህ ዓምድ፥ ዛሬ ለማገዶም ለጥላም ስለማትበቃ፥ ቁመቷም ከአንድ ክንድ ስለማያልፍ አንዲት ዛፍ ልናወጋችሁ ወደድን። «ታዲያ ጥቅሟ ምንድን ነው?» የሚል ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን።

ዛፍን በጠባብ ዕቃ ተክሎ፥ ሥሩንና ቅርንጫፉን በየጊዜው እየከረከሙ፥ የትልቅ ዛፍ መልክ ይዞ በትንሽነቱ እንዲኖር ማድረግ ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን የተስፋፋ ጥበብ ነው። ጃፓኖች ቦንሳይ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በገበታ ላይ የተተከለ ማለት ነው። እጅግ ከሚወዷቸው ዛፎች አንዱ ኡሜ የሚባለው የፕሪም ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የብርዱ ወራት ገና ሳይወጣ፥ ቅጠልም ሳያወጣ፥ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ያብባል። አበባው ሲረግፍ ያበበውን ቀንበጥ ሁለት ወይም ሦስት ዐይን ብቻ አስቀርተው ይቆርጡታል፤ የሚመጣው ዓመት አበባ የሚቋጠረው ከዚያ በኋላ በሚያድገው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነውና።

በደጋው ጓሮ ኮክ ሲያብብ ያየ ሰው የፕሪምን አበባ ለመገመት አይቸገርም፤ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የጫካችን ጥቁር እንጨት እንኳ ከዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን ፕሪም ደኅና አድርጎ ያብብ ዘንድ ብርድ ያስፈልገዋል። ቆቦ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፥ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች የሚታዩዋት፥ ማሽላን የሚያሳምር ሙቀት ያላት ሀገር ናት። ስለዚህ ከሩቅ አገር ዛፍ ከመመኘት የደጃችንን ዛፍ መረጥን፤ እርሷም ቁርቁራ ናት።

ቁርቁራን የራያ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ፍሬዋን እረኛ ይለቅማል፤ ቅጠሏን ፍየል ይበላል፤ እሾሃማ ቅርንጫፏ ለአጥር ይሆናል፤ አበባዋን ንብ ይወደዋል። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን የዕፅዋት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1753 ስም ሲሰጣት «የክርስቶስ እሾህ» አላት፤ ይኸውም የእሾህ አክሊሉ ከእርሷ ተጎነጎነ ከሚለው ከቈየው ትውፊት የመጣ ነው። ድርቅን የምትችለው ሥሯን ወደ ጥልቅ ስለምትሰድ ነው፤ ቢቈርጧትም ከጉቶዋ መልሳ ታቈጠቍጣለች።

ሥራውን የጀመርነው ድርቁ በጸናበት በ2008 ዓ.ም. ነው። ልጃችን ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረች። የበላችውን የቁርቁራ ፍሬ አጥንት ሰብስባ «እንዝራው» አለችን። አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ በድንጋይ በቀስታ ሰንጥቀን፥ ዝናብ ሲጀምር አምስት ዘራን። ከበቀሉት ሦስት ሁለቱን በገዛ እጃችን ገደልናቸው፤ ለቤት ጌጥ እንዲሆኑ ከጥላ ውስጥ አስገብተን ጠዋትና ማታ ውኃ እናጠጣቸው ነበርና። ቁርቁራ የፀሐይ ልጅ መሆኗን የተማርነው በዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የተረፈችውን አንዲቱን ነቅለን፥ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ዋና ሥሯን ቈረጥነው። እንዲህ ካልተደረገ የጎን ሥር አይበዛም፤ የጎን ሥር ከሌለም ዛፍ በጠባብ ዕቃ አይኖርም። ልጃችን አጠገባችን ቁጭ ብላ «አባየ፥ አያማትም ወይ?» አለች። እኛም «ያማታል፤ ግን በሌላ በኩል ትበረታለች» ብለን መለስን። የዘይት ጣሳ ቈርጠን፥ ታችዋን በሚስማር በስተን፥ ከሆርማት ወንዝ የመጣ አሸዋ፥ ጥቁር አፈርና የበሰበሰ ፍግ እኩል ቀላቅለን ተከልናት። የቆቦ ጥቁር አፈር ብቻውን ውኃ ይዞ ያሰምጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ምንም ሳንነካት እንድታድግ ተውናት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግንዱ ሳይወፍር መከርከም ይጀምራል። ግንድን የሚያወፍረው በነጻ የሚያድግ ቅርንጫፍ ነው። ከወፈረች በኋላ ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርተን ቈረጥናት፤ ካቈጠቈጡትም አራት ቀንበጦች መረጥን። እነርሱንም በመዳብ ሽቦ ጠምዝዘን ወደምንፈልገው አቀናን። ሽቦው ግን በጊዜው መፈታት ሲኖርበት አንድ ክረምት ረሳነውና ቅርፊቷን በላው፤ ጠባሳው ዛሬም ይታያል።

ጣሳይቱን በየሳምንቱ ከመሬት አንሥተን እናዞራት ነበር። ይህም ፀሐይ በሁሉም ወገን እንዲያገኛት፥ ይልቁንም ሥሯ በቀዳዳው ሾልኮ መሬት እንዳይዝ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ልጆቻችንንና ጥቂት ልብስ ያዝን፤ ጣሳይቱን ያስታወሰ አልነበረም። መጀመሪያ ወደ ወልድያ፥ ከዚያ ወደ ደሴ፥ በመጨረሻም ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድን። አንድ ቀን ልጃችን በዚያ ብርድ ተኰራምታ «አባየ፥ ቁርቁራዬን ማን ያጠጣታል?» አለችን። ከኋላችን የቀሩት ጎረቤቶቻችን የደረሱበትን ባላወቅንበት ጊዜ ስለ ጣሳ መናገር አሳፈረንና ዝም አልን።

በጥር 2014 ስንመለስ ቤቱን ተበርብሮ አገኘነው። ጣሳይቱ ግን ከግድግዳው ሥር እንደ ቆመች ነበረች። ቅጠሏ ረግፏል፤ ከአራቱ ቅርንጫፎች አንዱ ተሰብሯል፤ አፈሯ እንደ ጡብ ደርቋል። ሞታለች ብለን ልንጥላት ስናነሣት ግን እንቢ አለች። ልጃችን ጎንበስ ብላ አየችና «አባየ፥ መሬት ይዛለች!» አለች። እርሳስ የሚያህል ሥር የዛገውን ቀዳዳ አስፍቶ ወደ ምድር ወርዶ ኖሯል። ግንዷን በጥፍራችን ብንፍቀው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ የሚያጠጣት ሰው በሌለበት በዚያ ሁሉ ወር ያቈያት፥ እኛ አራት ዓመት ያህል ስንከለክለው የኖርነው ያ ሥር ነበር።

በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በጃፓን ከ1625 ጀምሮ ስትኮተኮት የኖረች አንዲት የጥድ ወገን ቦንሳይ በሂሮሺማ፥ ያማኪ በተባሉ ቤተ ሰብ ግቢ ነበረች። በ1945 የአቶም ቦምብ ሲጣል ከስፍራው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፥ በግቢው ግንብ ተከልላ ዳነች። በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ተበረከተች። ከዚያ እሳት የተረፈች መሆኗ በዋሽንግተን የታወቀው ግን በ2001 የቤተ ሰቡ የልጅ ልጆች ሊያዩዋት በመጡ ጊዜ ነው። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ቁርቁራችን እንመለስ። የጥበቡ ደንብ ሥሩን ቍረጡ ይላል። እኛ ግን ለመቍረጥ እጃችን አልታዘዘንም፤ እስኪያልፍ ይቈይ ብለን ተውነው። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ተመልሶ መጣና ሁለተኛ ተሰደድን፤ ተመልሰን ስንመጣ ቅጠሏ እንኳ አልረገፈም ነበር። ሰላሙ ጥቂት ከረጋ በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሥሩን እስከ ግማሽ፥ በሚቀጥለው ክረምት ፈጽመን ቈረጥነውና ወደ ሰፋ ያለ የሸክላ ገበቴ አዛወርናት። በጥቅምት 2017 ብጫ አረንጓዴ የሆኑ ትንንሽ አበቦች አወጣች፤ ንቦችም መጡ። ከፍሬዋ ሁለት አጥንት ሰንጥቀን ዘራን፤ አንዱን በጣሳ፥ ሁለተኛውን በጓሮው መሬት ላይ። መሬት ላይ ያለውን ፍየል እንዳይበላው በእሾህ አጥረነዋል፤ ሥሩን የሚነካው የለም።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጅን መግራት ግዴታችን ነው፤ ያልተገራ ቅርንጫፍ መልክ የለውም። ነገር ግን ከሥርዓታችን ሾልኮ የወጣ ሁሉ የሚቈረጥ አይደለም። ልጆቻችን እኛ ሳናውቀው ከአያት፥ ከጎረቤት፥ ከአደጉበት ምድር ጋር የሚያያዙበት ሥር ይኖራቸዋል። እኛ የማናጠጣበት ቀን ሲመጣ የሚያቈያቸው ይህ ሊሆን ይችላልና፥ መቀስ ከማንሣታችን አስቀድሞ ጎንበስ ብለን ከጣሳው በታች እንይ።