ጀርባ የሚጎብጠው ከዕድሜ ብቻ ነውን?

ለበዓል አገር ቤት ስትወርዱ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ከደጅ ወጥተው ሲቀበሏችሁ፣ ቁመታቸው ከአምናው አጠር፣ ጀርባቸውም ጎበጥ ብሎ አግኝታችኋቸው ይሆናል። «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ብላችሁም አልፋችሁት ይሆናል። ዛሬ የምናወጋችሁ ይህን መልስ በቂ ነው ብለው ስላልተቀበሉ አንድ ሐኪም ነው።

ዶክተር ፉለር ኦልብራይት በ1900 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአሜሪካ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የሠሩት ቦስተን ከተማ ባለው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ነበር። እዚያ ካጠኗቸው በሽተኞች አንዱ ቻርልስ ማርቴል የሚባል የመርከብ ካፒቴን ነው። ይህ መለሎ ሰው አጥንቱ እየተሰበረ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠረ። ሐኪሞቹ ጥፋቱን የጣሉት በአንገት ውስጥ ባሉት ፓራታይሮይድ በሚባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ላይ ነበር። ዕጢዎች በደም የሚልኩት መልእክተኛ ሆርሞን ይባላል። የካፒቴኑ ዕጢ መልእክቱን ከልክ በላይ እያበዛ ካልሲየሙን ከአጥንቱ ወደ ደሙ ያፈስ ነበር። አንገቱ ደጋግሞ ቢከፈትም የታመመው ዕጢ አልተገኘም። በመጨረሻ፣ በ1932 ዓ.ም. በተደረገለት ሰባተኛ ቀዶ ጥገና፣ ዕጢው ከደረቱ ውስጥ ተገኘ። ዳሩ ግን በኩላሊቱ የተፈጠረው ጠጠር ያመጣው ችግር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሞት አበቃው።

እንግዲህ አጥንት አንዴ ተተክሎ እንደሚቀር ምሰሶ አይደለም፤ ዘወትር የሚፈርስና የሚሠራ ሕያው ነገር ነው። ኦልብራይት ይህን የሚያጠኑበት ዘዴ ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ አይሆንም፤ የገቢና የወጪ መዝገብ ነውና። በሽተኛው የሚበላው ይመዘናል፤ ከሰውነቱ የሚወጣውም ተጠራቅሞ በውስጡ ያለው ካልሲየም ይለካል። ወጪው ከገቢው ከበለጠ አጥንቱ እየከሰረ ነው ማለት ነው።

አከርካሪያቸው ሳስቶ የተሰበረባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ፣ አብዛኞቹ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች መሆናቸውን አስተዋሉ። ስለዚህም ጎባጣነቱን ያመጣው የዕድሜ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚጎድልባት ነው አሉ። ኤስትሮጅን ሲሰጧቸው በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ቀነሰ። ይህንንም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1941 ዓ.ም. ጽፈው አስታወቁ።

ነገር ግን ዐዋቂም ይሳሳታል። ኦልብራይት ኤስትሮጅን አጥንት ሠሪዎቹን ሕዋሳት የሚያበረታ መስሏቸው ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ዋናው ሥራው አፍራሾቹን መግታት ነው። መድኀኒቱም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት፣ ኤስትሮጅን ከሌላ ሆርሞን ጋር ሲሰጥ የዳሌ ስብራትን ቢቀንስም የጡት ካንሰርን፣ የደም መርጋትንና ስትሮክን እንደሚያበዛ አሳይቷል። ስለሆነም ሐኪም ጥቅሙንና ጉዳቱን ለእያንዳንዷ ሴት ለይቶ ይመዝናል፤ ሌሎች መድኀኒቶችም አሉ።

ኦልብራይት ይህን ሁሉ ሲሠሩ ራሳቸው በሽተኛ ነበሩ። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ፓርኪንሰን የተባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዟቸው፣ እጃቸው ለመጻፍ እስኪያስቸግራቸው ድረስ ምርምሩን አልተዉም። በ1956 ዓ.ም. መዳንን ተስፋ አድርገው ባደረጉት የአንጎል ቀዶ ጥገና ደም ፈሶባቸው ከሰው ጋር መነጋገር ተሳናቸው። በ1969 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስም በዚያው በሠሩበት ሆስፒታል ተኝተው ቀሩ።

ወጣቶች ሆይ፤ የአጥንት ገንዘብ የሚጠራቀመው እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተቀመጠውን መጠበቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስትውሉ፣ መሄድ በምትችሉበት መንገድ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ሲጋራ ስታጨሱ ከዚያ ሣጥን እያወጣችሁ መሆኑን አትርሱ። ወተቱና ጎመኑ፣ እግር ጉዞውና የጠዋት ፀሓዩ ደግሞ ገቢ ናቸው።

እናታችሁም በቀላል አወዳደቅ አንጓቸው ቢሰበር ወይም ቁመታቸው ቢቀንስ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። እርጅናን ማስቀረት ባይቻልም፣ የሚቀጥለውን ስብራት ማስቀረት ይቻል ይሆናል።