ስንጥቅ አልታየም ማለት ስንጥቅ የለም ማለት አይደለም

ብስክሌት መንዳት ለልብ፣ ለሳንባም ሆነ ለአእምሮ ጤና ያለው ጥቅም አያጠያይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በብስክሌት ሥራ የሚመላለስ ሰው ይህን ሳያስበው ያሟላል። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» እና በአዲስ አበባ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮችም ብዙዎችን ወደ ብስክሌት እየሳቡ ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ እምብዛም ያልተወራበት አንድ ጉዳይ ግን አለ። እሱም ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ወይም ከገበያ የተገዛ፣ ያገለገለ የካርቦን ብስክሌት ወይም የብስክሌት ዕቃ ደኅንነት ነው።

ይህ የመካኒክ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የፊት ጎማውን አቅፎ የሚይዘው ሹካ ወይም መሪው በጉዞ ላይ ሲሰበር ነጂው ራሱን ለማዳን ጊዜ አያገኝም፤ በፊቱ ይደፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጥርስና የመንጋጋ፣ የትከሻና የእጅ አንጓ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጭንቅላትና የአንገት ጉዳት ነው። ያን ጊዜ ጉዳዩ የእኛ ይሆናል። ከመሰበሩ በፊት ብንነጋገርበት ይሻላል።

ካርቦን ስንል ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች በንብርብር ተደርድረው በጠንካራ ሙጫ የተጣበቁበትን ነገር ማለታችን ነው። ቀላልና ጠንካራ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘም ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ችግሩ የአሰባበሩ ባሕርይ ነው። ብረት ሲመታ ብዙውን ጊዜ ይጎብጣል ወይም ይጎደጉዳል፤ ጉዳቱን በዓይናችን እናያለን። ካርቦን ግን ሲመታ የውስጡ ንብርብር ተላቆ የላዩ ቀለም ደኅና መስሎ ሊቀር ይችላል። ቆይቶ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ስንት ዓመት አገለገለ ብቻ ሳይሆን ምን ደረሰበት ብለን ነው።

እኛ ሐኪሞች በሽተኛ ስንመረምር ቅደም ተከተል አለን፤ ታሪኩን እንጠይቃለን፣ እናያለን፣ እንዳስሳለን፣ መታ መታ አድርገን እናዳምጣለን። ያረጀ የካርቦን ዕቃም በዚሁ መንገድ ሊመረመር ይችላል።

መጀመሪያ ታሪኩ ይጠየቅ። ብስክሌቱ ወድቆ ያውቃል? መኪና ገጭቶታል? በጭነት ሲመጣ ሌላ ዕቃ ተጭኖበት ነበር? ብሎኖቹን ያጠበቀው በምን ነበር? በካርቦን ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ «5 ኒውተን ሜትር» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ብሎኑ የሚጠብቅበት ልክ ነው። በተለመደው መፍቻ በጉልበት ማጥበቅ ካርቦኑን ሊያደቀው ስለሚችል ኃይሉን የሚለካ መፍቻ መጠቀም ይገባል። ሻጩ ስለ ዕቃው ምንም የማያውቅ ከሆነ ይህም ራሱ መልስ ነው፤ ታሪክ የሌለው ዕቃ ነውና በጥርጣሬ ይታያል።

ቀጥሎ ይታይ። ብስክሌቱ ይታጠብና ይድረቅ፤ በመሪው ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር ይፈታ፤ ብሎን የሚነክሳቸው ቦታዎች ይከፈቱ፤ ሹካው ከነቱቦው ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ይመርመር። ስንጥቅ፣ የነጣ መስመር፣ ያበጠ ወይም የተሸበሸበ ቀለም፣ ብቅ ያለ ክር ካለ አደገኛ ምልክት ነው። ጥጥ ቢያሹበት የተበጠሰው ክር ጥጡን ይይዘዋል። የላይኛውን ቫርኒሽ ብቻ የነካ ጭረት ብዙም አያሳስብም፤ ጥቁሩን ክር የቆረጠ ጭረት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ በአውራ ጣት ተጭነው ይዳስሱት። ከአጠገቡ ካለው ቦታ የለሰለሰ ወይም እጅዎ ሲጫነው የሚሰረጉድ ካገኙ ዕቃው አብቅቶለታል። በመጨረሻ በሳንቲም ጠርዝ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለው ድምፅ በአንድ ቦታ ላይ የታፈነ ከሆነ ንብርብሩ ሳይላቀቅ አልቀረም። የግራውን ከቀኙ ጋር ያነጻጽሩ፤ ውፍረት በሚለዋወጥበት ቦታ ድምፁም ይለወጣልና። ብስክሌቱ ሲነዳ አዲስ የሲጥሲጥታ ድምፅ ማሰማት ወይም መሪው መዋለል ከጀመረም ወርዶ መመርመር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ይህ ምርመራ መጥፎውን ዕቃ ለመጣል እንጂ ለደኅናው ዋስትና ለመስጠት አይበቃም። ከአውራ ጣት ግርጌ፣ በእጅ አንጓ ላይ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች። ሰው እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ ትሰበራለች፤ የመጀመሪያው ራጅ ግን ስብራቱን ላያሳይ ይችላል። ቦታው ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጁ ንጹሕ ነው ብለን ታካሚውን ዝም ብለን አናሰናብትም። እጁን አስረን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ደግመን እናያለን። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለምና። በካርቦንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ግን አጥንት ታስሮ ሲቆይ ይድናል፣ ካርቦን አይድንም። በተነዳ ቁጥር ስንጥቁ ሊሰፋ ይችላል።

ብረትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይ የኮብልስቶን መንገዶች ላይ በሚካሄደው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ ሹካውን ከመሪው ጋር የሚያያዘው ቱቦ በጉዞ ላይ ተሰብሮበት ወድቆ ትከሻውን ተጎዳ። ቱቦው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር፤ በዚያው ውድድር ቀደም ብሎም ወድቆ ነበር። መካኒኮች በመኪና የሚከተሉት ባለሙያ እንኳ ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ከተደበቀው ጉዳት አላመለጠም።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ሹካ፣ ከሹካው የሚወጣው ቱቦ፣ መሪና የፊት ቸርኬ ሲሰበሩ ሰውን በፊቱ የሚደፉ ናቸው። በእነዚህ ላይ ከባድ ምት የደረሰ ከሆነ ወይም ታሪካቸው የማይታወቅ ከሆነ፣ በባለሙያ በመሣሪያ ካልተመረመሩ በቀር መንዳት የለብንም። በሙጫ ማጣበቅና ቀለም መቀባት ጥገና ሳይሆን ጉዳቱን መሸፈን ነው። የካርቦን ቸርኬ ያላቸው ደግሞ እንደ እንጦጦ ያለውን ቁልቁለት ሲወርዱ ይጠንቀቁ። ፍሬኑ ቸርኬውን በቀጥታ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ያለማቋረጥ ፍሬን ይዞ መውረድ በሚፈጥረው ሙቀት ቸርኬው ሊጎዳ ይችላል።

«አዲስ ለመግዛት አቅም ከየት ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሐኪም ሆኖ የሰውን ኪስ የማያይ ምክር መስጠት አይበጅም። ግን ካርቦን ግዴታ አይደለም። ለሥራና ለጤና የሚነዳ ሰው ከብስክሌቱ ልክ ጋር የሚገጥም ደኅና የብረት ሹካና የአሉሚኒየም መሪ ቢያስገጥም የሚያጣው ጥቂት መቶ ግራም ቅለት ነው። ታሪኩ ከማይታወቅ ካርቦን ደኅንነቱ የታወቀ ብረት ይሻላል።

አደጋው ከደረሰስ? የወደቀው ሰው ራሱን ከሳተ፣ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም አንገቱን ካመመው ሳያንቀሳቅሱት እርዳታ ይጥሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። የተሰበረ ካርቦን እንደ መርፌ የሾለ ስንጣሪ ስላለው ቁስል ውስጥ ሊቀር ይችላል። ካርቦን ራጅን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ የራጅ አልጋዎች እንኳ ይሠሩበታል፤ ስንጣሪው በራጅ ላይታይ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የተሰበረው ዕቃ ካርቦን መሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የቴታነስ ክትባትዎንም ያስታውሱ። በአደጋው ጊዜ የተመታ የራስ ቁር፣ ከላይ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ስለሚደቅ ዳግመኛ አይደረግም።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ተጠርጥሮ የወጣው ዕቃ በርካሽ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ፣ ለጎረቤት ልጅም በስጦታ እንዳይሰጥ። ማንም እንዳይጠቀምበት ተቆርጦ ይጣል፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባና ቆዳን ስለሚያስቆጣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ያስፈልጋል። እኛ ያልነዳነውን ሌላው እንዲነዳው መስጠት አደጋውን ማስወገድ ሳይሆን ወደ ሌላ ቤት ማሻገር ነው።