«ባለቤቴ ወታደር ሲቀባ ያነጋል»

ዛሬ የምንመልሰው ደብዳቤ ከዚህ ቀደም ከደረሱን ለየት ያለ ነው። የጻፈችልን እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ከተማ የምትኖር እህታችን ናት። ባለቤቷ አይጠጣም፣ ውጭ አያመሽም፣ ለልጆቹም መልካም አባት ነው። ሆኖም ከሥራ ባልደረባው የተማረው አንድ ነገር ቤታቸውን እያወከ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የጠረጴዛ መብራት አብርቶ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የወታደር ምስሎችን በቀጭን ብሩሽ ሲቀባ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ቅዳሜ ደግሞ ተሸክሟቸው ይሄድና ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ ያዋጋቸዋል። «የአርባ ዓመት ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል ወይ? ደግሞስ ሰው ያለቀበት ጦርነት መጫወቻ ይሆናል?» ትላለች። ስለ ገንዘቡም ምሬት አላት። በመጨረሻ አንዲት አጭር ጥያቄ ጨምራለች፤ እሷን መጨረሻ ላይ እናገኛታለን።

እህቴ፣ በመጀመሪያ የምትኖሪበት ከተማ ራሱ የዚህ ሥራ መናኸሪያ መሆኑን ልንገርሽ። እነዚህን ምስሎች ከሚሠሩት ስመ ጥር ድርጅቶች ብዙዎቹ ያሉት በኖቲንግሃምና በዙሪያዋ ነው። ምስሎቹ ድሮ የሚሠሩት እርሳስ የተባለው ማዕድን ካለበት ቅይጥ ስለነበረ፣ የመስኩ ሰዎች አካባቢውን በቀልድ «የእርሳስ ቀበቶ» ይሉታል። ስለዚህ ባልሽ ብቻውን ያመጣው አመል አይደለም፤ የሰፈሩ ልማድ ነው።

ሥራውን ላላዩት አንባቢዎቻችን ጥቂት እናብራራ። በብዛት የሚገዛው መጠን 28 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው፤ 15 እና 6 ሚሊ ሜትር የሆኑም አሉ። ምስሉ የሚሸጠው ሳይቀባ፣ ብዙ ጊዜም እጁና ራሱ ተነጣጥሎ ነው። ሰውየው በምላጭና በሞረድ ቅርጽ ማውጫው የተወበትን መስመር ይፍቃል፣ በሳሙና ያጥባል፣ ይገጣጥማል፣ ከዚያ ፕራይመር የሚባለውን የመሠረት ቀለም ይነፋበታል። ኮቱ፣ ሱሪው፣ ፊቱ፣ ጠመንጃው በየቀለሙ ይቀባል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማየት ደስ ይላል፦ በጣም የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ሲደረግበት ፈሳሹ ወደ ልብሱ እጥፋት ይወርድና ጥላ ይሠራል። ድፍን ይመስል የነበረው ቁራጭ ዓይንና አፍንጫ ያወጣል። ጎላ ጎላ ያሉትን ቦታዎች በፈካ ቀለም መንካት፣ ቫርኒሽ መቀባት፣ እግሩ ሥር አሸዋና ሰው ሠራሽ ሣር መለጠፍ ይቀራል። ለአንዱ ምስል ብቻ ሰዓታት የሚያጠፋ አለ። ለአንድ ክፍል ጦር ደግሞ ሃያ ሠላሳ ምስል ያስፈልጋል። እንግዲህ እኩለ ሌሊቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባሻል። ቅዳሜ የሚደረገው ጨዋታ በአንጻሩ ቀላል ነው፤ ርቀቱን በሜትር ይለካሉ፣ የተኩሱን ውጤት እንደ ሉዶ በዳይስ ይወስናሉ፣ በደንቡም ይከራከራሉ። (ክርክሩ ከጨዋታው ይረዝማል ይባላል።)

ይህ የልጅ ነገር ነው ወይ? ሲጀመር የልጅ አልነበረም። የፕሩስያ ጦር መኮንኖች ራይስቪትስ የተባለ የመድፈኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1824 ያቀረበላቸውን የካርታ ላይ ጦርነት ለሥልጠና ይጠቀሙበት ነበር። በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚደረገውን ጨዋታ በሕዝብ ዘንድ ያስታወቀው ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የጨዋታውን ደንብ «ትንንሽ ጦርነቶች» ብሎ በመጽሐፍ ሲያወጣ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት፣ የታወቀ ጸሐፊ ሆኖ፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ በእንጨት ጥይት የሚተኩስ የአሻንጉሊት መድፍ ያነጣጥር ነበር። በመጽሐፉ ንዑስ ርዕስ ላይ የተጫዋቹን የዕድሜ ጣሪያ መቶ ሃምሳ ዓመት አድርጎ ቀልዷል። በእሱ ስሌት ባልሽ ገና መቶ አሥር ዓመት ይቀረዋል።

እዚያው ኖቲንግሃም ውስጥ ፔሪ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች አሉ፤ በምስል ቀራጭነታቸው በመስኩ እጅግ የተከበሩ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ማይክል እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ የጥንት ውጊያ በትርኢት ሲታይ መድፍ አደጋ አድርሶበት ቀኝ እጁን አጣ። ከዚያ በኋላ በግራ እጁ መቅረጽን እንደ አዲስ ተማረ፤ ሥራውንም ቀጠለ። የጥፍር ስፋት በማይሞላ ፊት ላይ ጢምና ሽብሽብ የሚያወጣን ሙያ በግራ እጅ ከዜሮ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አሻንጉሊት ብለሽ የናቅሽው ነገር የእጅ ሙያ መሆኑን ከዚህ ታያለሽ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ በቀልድ አናልፈውም። ዌልስ መጽሐፉን ሲደመድም፣ ትንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው ትልቁ ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ ይገባዋል የሚል ክርክር አቅርቧል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1914፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ክርክሩ ማንንም አላስቆመም። ጠረጴዛው የሚደብቀው ነገርም አለ፤ የወደቀው ምስል ተነሥቶ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዋጋል፣ እናትም ሚስትም የለውም። ስለዚህ ከአማኞች መካከል «እኔ አልነካውም» የሚል ቢኖር አንነቅፈውም፤ በተለይ ጦርነትን በዓይኑ ካየ።

ይሁን እንጂ የታሪክ ወታደር የሚቀባ ሰው ሳይወድ በግድ ያነባል። የኮቱ ቀለም ምን ነበር? ጫማ ነበረው ወይ? ጠመንጃውን ከማን ገዛ? የዓድዋን ተዋጊዎች ምስል የሠሩ ድርጅቶችም አሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከጣልያን ጎን የተሰለፈውን ኤርትራዊ አስካሪ የሚቀባ ሰው፣ የወገብ መቀነቱ ቀለም የሻለቃውን ማንነት ይገልጽ እንደነበር ያገኛል። ጥቂት ገጽ ወደ ፊት ቢያነብ ደግሞ ከውጊያው በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርኮኛ አስካሪዎች ቀኝ እጅና ግራ እግራቸው እንደተቆረጠ ይደርስበታል። ይህ በጨዋታው ደንብ ውስጥ አይገኝም። አንድ ምሽት ሻይ ይዘሽ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ በይና «ይህ ሰውዬ ማን ነው? መጨረሻው ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂው። በሩን ዘግቶ ከሚቀባ ባል ይልቅ እየቀባ የሚያወራሽ ባል ይሻላል። መልሱን ካላወቀም አብራችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን ከአንቺ ጋር ነን። ዊልያም ሲቦርን የተባለው የእንግሊዝ መኮንን የዋተርሉን ጦርነት በምስል ሊሠራ እ.ኤ.አ. በ1830 ተነሣ። ስምንት ወር ያህል በውጊያው ቦታ ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ በሕይወት ለነበሩት መኮንኖች «በዚያች ሰዓት የት ቆማችሁ ነበር?» እያለ ደብዳቤ ጻፈ። መንግሥት ገንዘቡን ሲያቋርጥበት ተበድሮ ቀጠለ። በ1838 ለንደን ላይ ያሳየው ሥራ ከ70,000 በላይ ጥቃቅን ምስሎች ነበሩት። ሕዝቡ እየከፈለ ጎረፈ፤ እሱ ግን ከዕዳው ሳይወጣ በ1849 ሞተ። ሥራው ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ነው። ያየው ሁሉ ይደነቃል። የሲቦርን ሚስት ምን ትል እንደነበር የጠየቀ ስለመኖሩ ግን እንጃ።

ባልሽ እንደ ሲቦርን አገር አይበደርም። የእሱ ፈተና ሌላ ነው፤ ሳይቀባ የሚከማቸው ሳጥን። አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ሠላሳ አርባ ምስል ሊይዝ ይችላል። መግዛት አምስት ደቂቃ፣ መቀባት ሁለት ወር! በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ሁሉ በየቁም ሣጥናቸው ክምር እንዳላቸው ራሳቸው ይቀልዳሉ። እንግዲህ በቁጣ ሳይሆን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ሁለት ነገር ተስማሙ፦ የወሩ ገንዘብ ስንት እንደሆነና፣ ያለው ሳጥን ተቀብቶ ሳያልቅ አዲስ እንደማይገዛ። ምሽቶቹንም ቁጠሩ። በሳምንት ሁለት ምሽት ለወታደሮቹ ከሆነ ሌላው ለቤቱ ይሁን፤ እሱም ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዳይጠቁር። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዙ የድሮ ምስሎች ካሉት እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እንዳይከቷቸው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ፤ እሱም ከነካቸው በኋላ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ጥያቄ። «የልደት ቀኑ ደርሷል፤ ምን ልግዛለት?» ብለሻል። ይህን ያህል ተማርረሽ ይህን መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶናል። ወታደር አትግዢለት፤ በቂ አለው። ሳብል ከሚባለው የብሩሽ ፀጉር የተሠራ፣ ቁጥር 1 ወይም 2 ብሩሽ ግዢለት። ብዙ ሰው ከሁሉ የቀጠነው የሚሻል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥሩ ሹል ጫፍ ያለው ቁጥር 1 ቀለም ስለሚይዝ ዓይን ለመሳል እንኳ ይበልጣል። ዋጋው ከአንድ ሳጥን ወታደር አይበልጥም። ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሥዕል እንዳይወስዱበት እጀታው ላይ ስሙን ጻፊበት።