የተጣለ ቡችላ ማንሣት ደግነት ነውን?

የሰው ልጅ ከእንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ያላመደው ውሻን እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። በሬ ሳያርስለት፥ ፈረስም ሳይሸከመው፥ ውሻ ከደጁ ሆኖ ጠብቆታል። እኛ ግን ይህን የቆየ ወዳጅ የምንይዝበት አያያዝ ከውለታው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናገር ያሰብሁት በሰፈራችን በቀበና ስለሚጣሉት ቡችሎች፥ ይልቁንም ስለ ግዙፎቹ ዘሮች ነው።

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ብርቱ ውሻ ቢፈልግ አያስገርምም። ሌሊት ጅብ ይጮኻል፤ ሌባም አይጠፋም። ስለዚህ አንዳንዱ ባለ ግቢ «የፈረንጅ ውሻ» የሚባለውን የጀርመን ሸፐርድ፥ ወይም ከዚያ የሚገዝፈውን የካውካሰስ ወይም የቱርክ እረኛ ውሻ ዘር በብዙ ብር ይገዛል። ቡችላው በእቅፍ ሳለ የቤቱ ሁሉ ደስታ ነው። ጥቂት ወራት አልፈው የሚበላው ሲበዛ፥ ወይም ቤተ ሰቡ ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር፥ ትናንት የታቀፉት ውሻ ዛሬ ከወንዝ ዳር ይጣላል። ከእርሱ የተወለዱ ክልስ ቡችሎችም ዓይናቸው እንደ ተከፈተ በካርቶን ሆነው ይወጣሉ።

ይህን አይቶ ያዘነ ተማሪ ቡችላውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ቢወስድ ማን ይነቅፈዋል? እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ማዘን ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብም ያስፈልጋል እላለሁ።

አንደኛ፥ ምግቡን ያስላ። የግዙፍ ዘር ቡችላ ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው 50 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። ይህም 100 እጥፍ ማደግ ማለት ነው። እንዲህ ያለ አካል በትርፍራፊ እንጀራ ብቻ አይገነባም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙዎቹ ሉካንዳ ቤቶች ሲዘጉ አጥንቱና ቅንጥብጣቢው ይቀራል፤ ውሻው ግን አይጾምም። በሌላ በኩል ቶሎ ይፈርጥም ብሎ ያለ ልክ ማብላት ወይም ካልሲየም መጨመር አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል። ይህ ዘር በዝግታ ቢያድግ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፥ ክትባቱን ያስላ። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በሽታው ከያዛቸው 100 ሰዎች 99ኙን ያህል የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከሚጐዱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. አንድ በውሻ የተነከሰ ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ግን መከላከያው በእጃችን ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋምም መነሻው በዚሁ ሰው ስም የተጠራው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነበረ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም ክትባቱ በየጊዜው ይደገማል። ከመከተቡ በፊት ታናናሾቻችንን ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፥ ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፥ ዓመታቱን ያስላ። እንዲህ ያለው ውሻ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይኖራል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ያነሣው ቡችላ ዕድገቱን የሚጨርሰው እርሱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ተማሪው ጅማ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቢመደብ ያን 50 ኪሎ ውሻ የሚያበላው፥ የሚያስከትበውና ከሰንሰለት ፈትቶ የሚያንሸራሽረው ማን ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ «እናቴ» ነው። እናት ግን አስቀድማ አልተጠየቀችም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ ምክሩ ከነገሩ በኋላ ይመጣል፤ ውሻውም ዳግመኛ ከመንገድ ይጣላል። ሳያሰላ የሚያነሣ ሰው ከመጀመሪያው ጣይ የሚለየው በጥቂት ወራት ብቻ ነው።

«እንዲህ ከሆነ መተዉ አይሻልምን? ከተማው በመርዝ ያጥፋቸው» የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ከንቱ ነው። ውሾችን መግደል በሽታውን እንደማያቆመው፥ ከ100 ውሾች 70ው ቢከተቡ ግን መተላለፉ እንደሚገታ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል።

ስለዚህ እኅቶቼና ወንድሞቼ፥ ግቢ ያላችሁና ቤተ ሰባችሁ ተቀምጦ የተስማማላችሁ፥ አንሡ። ቡችላ ለመግዛት ብር ያዘጋጀ ቤተ ሰብም ወደ ሻጭ ከመሄዱ በፊት የተጣለውን ይመልከት፤ ለመግዣ ያሰበው ገንዘብ ለክትባቱና ለቀለቡ ይሆነዋል። ሴት ውሻ ያላችሁ ለማትመግቡት ቡችላ እንዳትወልድ የእንስሳት ሐኪም አማክራችሁ አስመክኗት። ግቢ የሌለን ደግሞ የሚያሳድገው ሰው እንፈልግለት፤ የክፍል ጓደኞችም አዋጥተን እናስከትበው። ደግነት ማለት ቡችላውን ባነሣንበት ቀን የምንሠራው ብቻ አይደለም፤ ውሻው እስኪያረጅ ድረስ በየቀኑ የምንሠራው ነው።