ሥዕልን ከሩቅ ተሳልሞ ማለፍ

በልጅነታችን ሥዕል በሩቅ የሚታይ ነገር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ገብተን እንሳለመዋለን፤ ግንባራችንን እናስነካዋለን። ልማዱ ሥዕሎቻችንን እንደጎዳ አውቃለሁ፤ የተሳላሚ እጅና ከንፈር ያደበዘዘው ቀለም አይመለስም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ የአውሮፓ ሙዚየም ውስጥ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወደ አንዲት ትንሽ ሥዕል ጎንበስ ስል፣ ጠባቂው «ወደ ኋላ!» ቢለኝ አልተቀየምኩም። አንድ ጥያቄ ግን ይዤ ወጣሁ፦ ርቀቱ የሚጠብቀው ምኑን ነው?

«ሥዕሉን» ይሉናል። እስቲ በሞናሊዛ እንፈትነው። ሥዕሏ ቁመቷ 77፣ ስፋቷ 53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የከንፈሯን ጥግ በመስመር አልሠራውም፤ እጅግ ስስ ቀለም እየደራረበ፣ ብርሃኑ የት አልቆ ጥላው የት እንደሚጀምር እንዳይለይ አድርጎ ነው። ይህ በቅርብ ለሚያይ ዓይን የተሠራ ሥራ ነው። ሉቭር ውስጥ ግን ሕዝቡ ከአጥር ማዶ፣ ሜትሮች ርቆ፣ ስልኩን ከሰው ራስ በላይ አንሥቶ ያልፋል። ዝናዋን አየ እንጂ ሥዕሏን አላየም።

ርቀቱስ ጠብቋታል? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሁለት ሴቶች ሾርባ ረጩባት፤ ከዚያም በአጥሩ ሥር ሾልከው ከፊቷ ቆሙ። ቀለሟን ያዳነው ጥይት የማይበሳው መስታወት ነው። አጥሩ ለማጥፋት የመጣውን አላቆመም፤ ያቆመው ለማየት የመጣውን ነው።

«በዓመት ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚገባበት ሙዚየም ሁሉንም እንዴት ያስጠጋ?» ይባል ይሆናል። እውነተኛው ምክንያት ይኸው ነው፤ እንግዲያው በስሙ ይጠራ። ችግሩ የሰልፍ እንጂ የጥበቃ አይደለም። ለሰልፍ ደግሞ መላ አለው። ሚላን ውስጥ የዚያው ሠዓሊ «የመጨረሻው እራት» በቀጠሮ፣ በትንንሽ ቡድን፣ ለ15 ደቂቃ ይታያል። ቀጠሮ ያላገኘ ሰው ይቀርበታል፤ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። የገባው ግን አይቶ ይወጣል። ሁሉም ገብቶ ማንም ሳያይ ከሚወጣ ይህ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሞናሊዛ የራሷ ክፍልና የራሷ ቲኬት እንደሚኖራት አስታውቀዋል። ያን ክፍል ለሚሠሩት የሚቀርበው ጥያቄ ሰልፉ ስንት ደቂቃ እንደሚያጥር ብቻ መሆን የለበትም፤ ተመልካቹ ከመስታወቱ ስንት እርምጃ ላይ እንደሚቆም ይጠየቁ። መልሱ ያው የዛሬው ርቀት ከሆነ፣ እኛም ደጀ ሰላሙን ከሩቅ ተሳልሞ እንደሚያልፍ መንገደኛ ነን። ለእምነት ይህ ይበቃ ይሆናል። ሥዕል ለማየት ግን አይበቃም።