ምራቅ የማይመልሰው ጥያቄ

ስለ ድድ ሕመምና ስለ ምራቅ የሚወጡ ጥናቶች አንዱን ያነበበ ብዙዎቹን እንዳነበበ ይቆጠራል። ድዳቸው የታመመ ጥቂት አዋቂዎችና ጥቂት ጤነኞች ምራቅ ይሰጣሉ፤ በታማሚዎቹ ዘንድ የስብ መጎዳት ምልክት የሆነው ማሎንዳይአልዲሃይድ ከፍ፣ ጉዳቱን የሚከላከለው አንቲኦክሲዳንት ዝቅ ብሎ ይገኛል። መደምደሚያውም ያው ነው፦ ምራቅ ለምርመራ «ተስፋ ሰጪ» ነው። ተስፋው ሸበተ።

መነሻው ሐሰት አይደለም። ድድ ሥር ባክቴሪያ ሲከማች ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይዘምታሉ፤ ባክቴሪያውን የሚገድሉባቸው የኦክስጅን ውህዶች ግን የድዱን ሥጋም አይምሩም። የበርሚንግሃሞቹ ተመራማሪዎች ኢየን ቻፕልና ጆን ማቲውስ ይህን በ2007 እ.ኤ.አ. በሰፊው ተንትነውታል። ችግሩ ከዚያ ተነስቶ ወደ መመርመሪያ ኪት መዝለሉ ላይ ነው።

ልኬቱ ራሱ ሲታይ ያሳፍራል። በብዙ ቤተ ሙከራ ምራቁ ከቲዮባርቢቱሪክ አሲድ ጋር ይሞቅና የሮዝ ቀለሙ ድምቀት ይነበባል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ይሁንና ከአሲዱ ጋር የሚዋሃደው ማሎንዳይአልዲሃይድ ብቻ ሳይሆን ሌሎች አልዲሃይዶችና ስኳሮችም ጭምር ናቸው። ሲጋራና የስኳር ሕመምም ቁጥሩን ሊያንሩት ይችላሉ። «አጠቃላይ የአንቲኦክሲዳንት አቅም» የሚሉት ደግሞ ይብሳል። በምራቅ ውስጥ የዚህን አቅም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዩሪክ አሲድ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከደም የሚመጣ ነው። ስለዚህ በደሙ ዩሪክ አሲድ የበዛበት የሪህ ታማሚ ጥርሱ እየተነቃነቀ በወረቀት ላይ አፉ በሚገባ የተጠበቀ ሊመስል ይችላል።

እንደ ኋላ ቀር የሚታየው መሣሪያ ግን በሚሊሜትር የተሰመረ ቀጭን ብረት ነው። ሐኪሙ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ በድዱና በጥርሱ መካከል ያስገባዋል። እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው። 4ና ከዚያ በላይ ከገባ፣ ደምም ከተከተለው፣ ሕመሙ በየትኛው ጥርስ፣ በየትኛው ጎን እንዳለ ይታወቃል። ምራቅ የአፍ ሁሉ ድብልቅ ነውና ይህን አይናገርም። የአሜሪካና የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ማኅበራት በ2018 እ.ኤ.አ. ሕመሙን በአራት ደረጃ ሲከፍሉ የተመረኮዙት በዚሁ ብረት፣ በራጅና በጠፉ ጥርሶች ቁጥር ላይ ነው።

ደጋፊዎቹ «ምራቅ መስጠት አያምም፤ ሐኪም በሌለበትም ይሠራል» ይላሉ። ሐኪም የሌለበት ቦታ ቤተ ሙከራ ከየት አለው? ጥርስ ሲፋቅ ድድ መድማቱ በነፃ የሚገኝ ምልክት ነው (አጫሾች ላይ ግን ሊደበቅ ይችላል)።

ከቁጥሩ ጀርባ ደግሞ የአንቲኦክሲዳንት ክኒን ሻጭ ቆሟል። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ሙከራ በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት ከወሰዱት መካከል የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት 18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ድድ ላይ ግን ሕክምናው የሚጀምረው በጥርስ እጥበት ነው፤ ከእጥበቱ በኋላ የምራቁ ማሎንዳይአልዲሃይድ ሲወርድ በተደጋጋሚ ታይቷል። በኪቱ የሚያምኑ ሁሉ ማሳየት ያለባቸው አንድ ነገር ነው፦ የዛሬው የምራቅ ቁጥር ብረቱ ከሚያሳየው በላይ የነገን የጥርስ መውለቅ እንደሚተነብይ፣ ያውም ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው።