የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ዲናሞው ከመፈታቱ በፊት
ኤክስካቫተር ጠዋት አልነሳ ሲል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ዲናሞው ላይ ነው። ይፈታል፣ አዲስ ይገዛል፤ ብዙ ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ግን ቴስተር ይዞ ከባትሪው ይጀምራል። ባለ 24 ቮልት ማሽን ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ወደ 28 ቮልት ሊነበብ ይገባል። ዲናሞው ጋ 28 ሆኖ ባትሪው ጋ 26 ከሆነ፣ የጎደለው 2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል፦ በላላ ቡሎን፣ ዝገት በያዘው የማሳ ገመድ፣ ንዝረት በበላው ሽቦ። ልኬቱ መብራቱና ማራገቢያው በርተው ይሁን፤ ጭነት የሌለበት ሽቦ ጉዳቱን ይደብቃል። አንድ ልማድ ደግሞ ዛሬውኑ እንዲቀር አጥብቀን እንጠይቃለን፦ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞ መፈተሽ። በዚያች ቅጽበት የሚያሻቅበው ቮልቴጅ ዳዮዶቹን፣ አልፎም የማሽኑን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።